መልስ መጣ ማለት ተዘጋጀ ማለት አይደለም፦ ሜይንፍሬምን ለዌብ ሰርቪስ የማዘጋጀት ልማድ ሲመዘን

አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ በስልኩ ገንዘብ ሲልክላችሁ የሚነካካው መተግበሪያ ምናልባት አምና የተሠራ ነው። ከጀርባ ሆኖ ከሂሳቡ ላይ ገንዘቡን የሚቀንሰው ፕሮግራም ግን ዘመዳችሁ ሳይወለድ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ይሄ ማጋነን አይደለም። ብዙ ትልልቅ የውጭ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋናውን የሂሳብ ሥራ ዛሬም የሚሠሩት ሜይንፍሬም በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያ ላይ በብዛት ከሚገኙት የአፕሊኬሽን ሰርቨሮች ዋነኛው የአይቢኤም ሲአይሲኤስ ነው፤ እንግሊዞቹ አሳጥረው «ኪክስ» ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንበለው።

አዲሱ መተግበሪያና አሮጌው ፕሮግራም እንዲነጋገሩ መሐል ላይ የሚሠራ ሥራ አለ፦ የኪክስ ሪጅንን ለዌብ ሰርቪስ ማዘጋጀት። ስለዚህ ሥራ የተጻፉ መመሪያዎች ሞልተዋል፤ ቅደም ተከተላቸውም ይመሳሰላል። በዚህ ጽሑፍ ያንን ቅደም ተከተል ባጭሩ አሳያችኋለሁ፣ ከዚያ እተቸዋለሁ። ትችቴ አንድ ነው፦ የተለመደው አዘገጃጀት እያንዳንዱ እርምጃው ትክክል ሆኖ ሳለ የሚያበቃው በተሳሳተ ቦታ ነው። ጥያቄ ተልኮ መልስ ሲመጣ «አለቀ» ይላል። የሰውን ገንዘብና የሰውን ስም የሚነኩት ጥያቄዎች ግን ገና ያን ጊዜ ነው የሚጀምሩት።

ኪክስ ለማን ተሠራ?

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1969 ኪክስን ለገበያ ሲያቀርብ መነሻው እንደ መብራት ኃይል ያሉ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ፍላጎት ነበር። ሁኔታውን አስቡት። ደንበኛ ይደውላል፤ ሠራተኛዋ የደንበኛውን ቁጥር ታስገባለች፤ ሂሳቡ ስክሪን ላይ ይመጣል፤ እሷ አንብባ ትመልሳለች። ስሙም ሲተረጎም የደንበኛ መረጃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት እንደማለት ነው። በ1974 የልማት ሥራው እንግሊዝ አገር ኸርስሊ ወደሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ተዛወረ።

የኪክስ ትልቁ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ አንዱ የሌላውን እንዳያበላሽ ማድረግ ነው። አንድ ሥራ፣ ማለትም አንድ ትራንዛክሽን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ይመለሳል። ከአንዱ ሂሳብ ተቀንሶ ለሌላው ሳይደመር ማሽኑ ቢቆም፣ ሲነሣ የተቀነሰው ወደ ቦታው ይመለሳል። «ሪጅን» የሚባለው ደግሞ የራሱ የማስታወሻ ቦታ፣ የራሱ ፕሮግራሞችና የራሱ የደህንነት መለያ ያለው፣ በሥራ ላይ የሚገኝ አንድ የኪክስ ቅጂ ነው። አንድ ትልቅ ባንክ እንዲህ ዓይነት ብዙ ሪጅኖች ይኖሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አብዛኞቹ አሮጌ ፕሮግራሞች የተጻፉት ከፊታቸው ሰው እንዳለ ታስቦ ነው። 3270 በሚባለው ተርሚናል፣ 24 መስመር በ80 ዓምድ በሆነ ስክሪን ፊት የተቀመጠች ሠራተኛ አለች። ግራ የሚያጋባ ነገር ሲመጣ ታያለች፣ ትጠራጠራለች፣ አጠገቧ ያለውን ትጠይቃለች። ዌብ ሰርቪስ ስናዘጋጅ ይህችን ሰው ከመሐል አወጣናት ማለት ነው። እሷ ዝም ብላ ትሠራው የነበረውን ማመዛዘን ማን ይረከባል? የትችቴ ሥር ይሄ ነው።

ለምን አዲስ አይጽፉትም?

«ካረጀ ለምን አይጥሉትም?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። እንግሊዝ አገር ያለው ቲኤስቢ ባንክ በኤፕሪል 2018 የደንበኞቹን መረጃ ከሎይድስ ሥርዓት ወደ አዲስ መድረክ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አዛወረ። መረጃው ተዛወረ፤ መድረኩ ግን አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሂሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት ለመመለስም ወራት ፈጀ። በዲሴምበር 2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ የባንክ ኃላፊ «ሁሉንም አፍርሰን እንጻፈው» ሲባል ቢፈራ አይገርምም።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መቀመጥም አያዋጣም። በኤፕሪል 2020 ኮቪድ ብዙ ሰው ሥራ ሲያስፈታ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ ጠይቀው ነበር። ኮቦል እነዚህ አሮጌ ፕሮግራሞች በብዛት የተጻፉበት ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁት ጡረታ እየወጡ ነው፤ አዲሱ ትውልድ ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው የሰለጠነው።

ስለዚህ መሐለኛው መንገድ ተመረጠ፦ አሮጌው ፕሮግራም እዚያው ይቀመጥ፣ ለአዲሱ ዓለም ግን በር ይውጣለት። በዚህ ምርጫ እኔም እስማማለሁ። ክርክሬ በአወጣጡ ላይ ነው።

የተለመደው አዘገጃጀት

ኪክስ ውስጥ የዌብ ሰርቪስ ድጋፍ አብሮ የመጣው በ2005 በወጣው ትራንዛክሽን ሰርቨር 3.1 ነው። ሥራው ከሞላ ጎደል እንዲህ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሪጅኑ ከኔትወርክ ጋር እንዲነጋገር ይፈቀድለታል፤ ሲነሣ በሚያነበው የመነሻ ሰንጠረዥ ላይ የቲሲፒ/አይፒ አገልግሎት «አዎ» መሆን አለበት። ቀጥሎ ሪጅኑ የሚሠራበት የተጠቃሚ መለያ የዩኒክስ ፈቃድ ያገኛል። ዜድ/ኦኤስ የሚባለው የሜይንፍሬሙ ስርዓተ ክወና ውስጥ ዩኒክስ መሰል የፋይል ሥርዓት አለ፤ የዌብ ሰርቪስ ፋይሎች የሚቀመጡትም እዚያ ነው። ሦስት ፎልደር ያስፈልጋል፦ አንዱ ለማዋቀሪያ ፋይል፣ አንዱ ኪክስ ራሱ ለሚጽፍበት፣ አንዱ ደግሞ አዳዲስ ሰርቪሶች ለሚቀመጡበት። እዚህ ላይ ፈቃዱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ አይነሣም፤ የብዙ ጀማሪ ቀን የሚያልቀውም በዚሁ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገሮች ይተከላሉ። ቲሲፒአይፒሰርቪስ የሚባለው በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ ይነግረዋል። ፓይፕላይን የሚባለው የመጣው መልእክት፣ ሶፕ ይሁን ሌላ፣ በምን በምን ደረጃ እንደሚያልፍ ይወስናል። ዩአርአይማፕ ደግሞ ይህ አድራሻ ሲጠራ ይህን ሰርቪስ አምጣ ይላል።

የቀረው ፕሮግራሙን ራሱን ወደ ሰርቪስ መለወጥ ነው። ለዚህ አይቢኤም መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ ኤልኤስ-ቱ-ደብሊውኤስ የሚባለው የኮቦሉን ኮፒቡክ ያነባል። ኮፒቡክ ማለት ፕሮግራሙ የሚቀበለውና የሚመልሰው መረጃ በማስታወሻ ውስጥ በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ባይት እንደተደረደረ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ ሁለት ፋይል ያወጣል፦ አንዱ ለኪክስ፣ የመልእክቱን መስኮች ከባይቶቹ ጋር የሚያዛምድ፤ ሌላው ለውጪው ዓለም፣ ሰርቪሱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚገልጽ ሰነድ፣ ደብሊውኤስዲኤል። የመጀመሪያውን ፎልደሩ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ፓይፕላይኑን «ቃኝ» ትሉታላችሁ፣ የቀረውን ኪክስ ራሱ ይተክላል። የሙከራ ጥያቄ ትልካላችሁ፤ መልስ ይመጣል። ከኮቦሉ አንድ መስመር ሳይነካ!

እውነት ለመናገር ይሄ የሚደነቅ ምህንድስና ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም ስለ ኢንተርኔት ምንም ሳያውቅ ኢንተርኔት ላይ ይውላል። ችግሩ ቅለቱ ራሱ ነው፤ አራት ጥያቄዎችን ሳንጠይቅ እንድናልፍ ያደርገናል።

አንደኛ፦ የቤቱን ጓዳ ውል አደረግነው

ኮፒቡክ ለሌላ ሰው እንዲታይ የተጻፈ ነገር አይደለም። የጓዳ ዕቃ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የደንበኛ ቁጥር 8 አኃዝ፣ ስም 30 ፊደል፣ ቀሪ ሂሳብ በ6 ባይት ታሽጎ የተጻፈ ቁጥር፣ አንድ ፊደል «ሁኔታ»፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ 50 እንቅስቃሴዎች የሚቀመጡበት ሠንጠረዥ አለ እንበል።

መሣሪያው ይህንን እንዳለ ወደ ውጪ ያወጣዋል። ደንበኛው ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ቢኖረውም መልሱ ውስጥ 50 ይላካል፤ 47ቱ ባዶ ናቸው። ባዶ ቢሆኑ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አለበት። ታሽጎ የሚጻፈው ቁጥር ትክክለኛ የሚሆነው እያንዳንዱ ግማሽ ባይት አኃዝ፣ የመጨረሻው ደግሞ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ሲሆን ብቻ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ባዶዎቹን ቦታዎች በክፍት ቦታ ምልክት ሞልቷቸው ከሆነ ቁጥር አይደሉም። ስክሪኑ ላይ ማንም አያያቸውም ነበር፤ ፕሮግራሙ ሦስቱን አሳይቶ ያቆማል። አሁን ግን ኪክስ ሃምሳውንም ወደ መልእክት ሊለውጥ ይሞክራል፣ 4ኛው ላይ ይሰናከላል፣ መልሱ በሙሉ ስህተት ሆኖ ይመለሳል። ሦስቱ ትክክለኛዎችም አብረው ይቀራሉ።

ያቺ አንድ ፊደል «ሁኔታ» ደግሞ አለች። ኮቦሉ ውስጥ «ሀ ከሆነ ክፍት፣ ለ ከሆነ የታገደ» የሚል ስያሜ በደረጃ 88 ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያ ስያሜ ወደ ውጪው ሰነድ አይሻገርም፤ የሚሻገረው «አንድ ፊደል» የሚል ብቻ ነው። ትርጉሙ ጓዳ ቀረ፣ ባይቱ አደባባይ ወጣ። የመተግበሪያው ጸሐፊ ትርጉሙን በግምት ወይም በስልክ ጥያቄ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የኋላው ነው። ነገ ስም ከ30 ወደ 60 ፊደል ይስፋ ቢባል ኮፒቡኩ ይለወጣል፤ ኮፒቡኩ ከተለወጠ ውሉ ይለወጣል፤ ውሉ ከተለወጠ ሰርቪሱን የሚጠራ ሁሉ መለወጥ አለበት። ድሮ ሥርዓቱን መቀየር የሚከብደው ከውስጥ ብቻ ነበር። አሁን ከውጪም ታሰረ። ሥርዓቱን ለማዘመን ያወጣነው በር ሥርዓቱ ባለበት እንዲደርቅ የሚያደርግ ምሰሶ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ስሙ የሚገባበት ፊደል

ይሄኛው እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ሜይንፍሬም ፊደላትን የሚጽፈው እናንተ በለመዳችሁት ኮድ ሳይሆን ኤብሲዲክ በሚባለው ነው። ኪክስ ሌላ ካልተባለ በስተቀር የሚወስደው ሰንጠረዥ ቁጥር 037 ነው፤ 256 ቦታ ብቻ ያለው፣ ለላቲን ፊደል የተሠራ። ለዕብራይስጥ ሌላ ሰንጠረዥ አለ፣ ቁጥር 424። 037 ላይ ለ«ኃ» ቦታ የለም፣ ለ«ጸ» ቦታ የለም፣ ለ«ቨ»ም የለም።

የውጪው ዓለም ግን ዩኒኮድ ነው የሚያወራው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ሲሆን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ኃይለሚካኤል ወልደጊዮርጊስ» ብላችሁ ብትልኩ 15 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ ማለትም 46 ባይት ነው። የሰርቪሱ ሰነድ «ስም፦ እስከ 30 ፊደል» ስለሚል ስሙ በሩ ላይ ያልፋል። ውስጥ ሲገባ ግን በ037 የሚጻፍበት መንገድ የለም፤ ወይ ጥያቄው በስህተት ይመለሳል፣ ወይ ፊደሎቹ ትርጉም በሌለው ምትክ ምልክት ይተካሉ። «ባይቱን ሳንለውጥ እንዳለ እናስቀምጠው» ብንልም መስኩ 30 ባይት ነው፤ ለአሥር ፊደል ብቻ ይበቃል።

«ውጪ አገር ስማችን በላቲን ነው የሚጻፈው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ። ግን ለምን እንደዚያ ሆነ? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥርዓቶቹ ሌላ አይቀበሉም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን በሦስት በአራት ዓይነት የሚጽፉት ሰዎች አንድ ሰው በፓስፖርቱ፣ በባንክ ሂሳቡና በኢንሹራንሱ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ሲገኝ ጣጣውን ያውቁታል። ዛሬ አዲስ በር ስናወጣ ይህንን ለመጠየቅ ዕድል ነበረን። የዘመኑ ኮቦል በዩቲኤፍ-16 የሚጻፍ የጽሑፍ ዓይነት አለው፤ በእሱ ፊደላችን 2 ባይት ብቻ ነው። ማለትም መንገዱ አለ። ከኮፒቡኩ የሚነሣው አዘገጃጀት ግን ጥያቄውን ሳያነሣ ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ከአርባ ዓመት በፊት የጻፈው ሰው አላነሣውም።

ሦስተኛ፦ ሁሉም ሰው አንድ ስም

በፓይፕላይን የሚመጣ ጥያቄ ሌላ ካልተባለ በስተቀር ሲፒአይኤች በሚባል አንድ ትራንዛክሽን ስም ነው የሚሠራው። ቲሲፒአይፒሰርቪሱም ሌላ ካልተባለ ማንነት አይጠይቅም፣ መስመሩንም አያመሰጥርም። ዩአርአይማፑ ላይ የተጠቃሚ መለያ ካልተጻፈ ሥራው የሚሠራው በሪጅኑ ነባሪ ተጠቃሚ ስም ነው። ሙከራው ላይ ይህ ሁሉ ምቹ ነው፤ መልሱ ቶሎ ይመጣል።

አሁን ወደዚያች ሠራተኛ እንመለስ። በራሷ መለያ ገብታ ነበር የምትሠራው። ሂሳብ የከፈተው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ትራንዛክሽን እንደሆነ ይመዘገብ ነበር። «ቀሪ ሂሳብ አሳይ» አንድ ስም ነው፤ «ገንዘብ አዛውር» ሌላ ስም ነው፤ የደህንነት ክፍሉ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ይከለክላል። ሁሉም በሲፒአይኤች ከሆነ ይህ ልዩነት ይጠፋል። መቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ነው፦ ይህን ያህል ሲፒአይኤች ሄደ። ማን ምን እንደጠየቀ ኋላ መለየት ይከብዳል።

ጉዳቱ ደህንነት ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ሪጅን በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው ሥራ ብዛት ገደብ አለው። አንዱ ሰርቪስ ዳታቤዝ እየጠበቀ ቢዘገይ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ይይዛቸዋል፤ ምንም ያልበደሉት ሌሎቹ ሰርቪሶች ውጪ ቆመው ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ ትራንዛክሽን ስም ቢሰጠው ኖሮ በየምድቡ «ከዚህ በላይ አትግባ» ማለት ይቻል ነበር። ኪክስ ይህንን ማድረግ ከጥንት ጀምሮ ይችላል። የሚጠይቀው ዩአርአይማፑ ላይ አራት ፊደል መጻፍ ብቻ ነው። አራት ፊደል! ግን ሳይጻፍም መልስ ስለሚመጣ አይጻፍም።

አራተኛ፦ መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋስ?

«ተቆርጦብኛል ግን አልደረሰም» ወይም «ሁለቴ ተቆረጠብኝ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከዚህ ዓይነቱ ችግር ጀርባ ያለው አንዱ ምክንያት የሚከተለው ነው።

መተግበሪያው «500 ቀንስ» ብሎ ይልካል፣ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ኪክስ ዛሬ ተጨናንቋል፤ ሥራውን በ11ኛው ሰከንድ ይጨርሳል። ገንዘቡ ተቀንሷል፣ ተመዝግቧል፣ ጸድቋል። መልሱ ሲመጣ ግን መተግበሪያው መስመሩን ዘግቶ ሄዷል። ለተጠቃሚው «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይለዋል፤ ወይም ራሱ ይሞክራል። ሁለተኛው ጥያቄ ይደርሳል። ኪክስ ሁለተኛውንም በትጋት ይፈጽማል። 1,000 ተቀነሰ።

ልብ በሉ፣ ኪክስ ምንም አላጠፋም። ሁለቱም ትራንዛክሽኖች ምሉዕ ናቸው፤ «ወይ ሙሉ ወይ ምንም» የሚለው ቃሉ ሁለት ጊዜ ተጠብቋል። ቃሉ ግን የሚጸናው በሪጅኑ ግድግዳ ውስጥ ነው። በተርሚናሉ ዘመን ግድግዳው ስክሪኑ ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ሠራተኛዋ እንደገና ከመላኳ በፊት ሂሳቡን ከፍታ ታያለች። መተግበሪያ ካልተነገረው በስተቀር አያይም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ላኪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ሲቀንስ ያንን ቁጥር በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ይመዘግበዋል። ቁጥሩ ዳግም ከመጣ ሥራውን አይደግምም፣ የቀድሞውን መልስ ይሰጣል። «በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ» የሚለው ዋናው ነገር ነው፤ ለየብቻ ከተመዘገቡ አንዱ ጸድቆ ሌላው ሊቀር ይችላል፣ ችግሩም በሌላ መልክ ይመለሳል። የተለያዩ ሥርዓቶችን በአንድ ትራንዛክሽን የሚያስር የዌብ ሰርቪስ ደንብም አለ፣ ኪክስም ይደግፈዋል፤ ነገር ግን ተራ የስልክ መተግበሪያ ያንን አይናገርም። እንግዲህ ይህ ቁጥር ኮፒቡኩ ውስጥ የለም። ከኮፒቡክ የተነሣ ሰርቪስም ሊኖረው አይችልም።

የሌላው ወገን ክርክር

ትችቴን ሚዛናዊ ለማድረግ የተለመደውን መንገድ የሚደግፉትን ልስማ። አንደኛ፣ ኮቦሉን መንካት አደገኛ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሄዷል፣ የሙከራ ስብስብ የለም። ስለዚህ ሳይነካ የሚሠራ ነገር ወርቅ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹ ሌላውንም መንገድ ይፈቅዳሉ። ደብሊውኤስ-ቱ-ኤልኤስ የሚባለው ተቃራኒ መሣሪያ አለ፤ መጀመሪያ ውሉን ትጽፋላችሁ፣ ከእሱ አዲስ ኮፒቡክ ያወጣል። ይሄም እውነት ነው፤ ስለዚህ ወቀሳዬ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በልማዱ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ሰርቪስ ገንዘብ አያንቀሳቅስም፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለሁለት ፕሮግራሞች ብቻ የሚያገለግል፣ ማንበብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከኮፒቡኩ መነሣት በቂ ነው። እስማማለሁ።

የማልስማማው «አሁን መልስ ይምጣ፣ ሌላውን ኋላ እናስተካክላለን» ከሚለው ጋር ነው። ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስተኛው ኋላም ይስተካከላል፤ የትራንዛክሽን ስምና የተጠቃሚ መለያ ከውጪ አይታዩም። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ግን ውሉ ውስጥ ናቸው። ውል ደግሞ አንዴ ሰዎች ከተጠቀሙበት በኋላ የእናንተ ብቻ አይደለም። «ኋላ» የሚባለው ቀን ሲመጣ የምትለምኑት ራሳችሁን ሳይሆን ሌሎችን ነው።

ታዲያ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

ከመጨረሻው ጀምሩ። ፖርትና ፎልደር ከመክፈታችሁ በፊት ሰርቪሱን ለሚጠራው ሰው የሚሰጠውን ሰነድ በወረቀት ጻፉት፦ ምን ይጠይቃል፣ ምን ይመለስለታል፣ «ሁኔታ» በቃል ምን ምን ሊሆን ይችላል፣ ስም በየትኛው ፊደል ይጻፋል፣ ጥያቄው ሁለቴ ቢመጣ ምን ይሆናል። ከዚያ ውል አዲስ ኮፒቡክ አውጡ። በአዲሱና በአሮጌው መካከል አንድ ትንሽ አስተርጓሚ ፕሮግራም ጻፉ፤ ሦስቱን እንቅስቃሴ ለይቶ የሚልክ፣ ባዶዎቹን የሚያስቀር፣ የጥያቄ ቁጥሩን የሚመዘግብ። አስተርጓሚው ኪክስ ውስጥ ስለሚሠራ አሮጌውን ፕሮግራም የሚጠራው በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ነው፤ «ወይ ሙሉ ወይ ምንም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል። አሮጌው ኮቦል አሁንም አልተነካም። የጨመራችሁት ጥቂት መቶ መስመር ነው፤ ያተረፋችሁት ጓዳችሁን እንደፈለጋችሁ የማስተካከል ነጻነት ነው።

ፈተናውንም ቀይሩ። «መልስ መጣ ወይ?» ከሚለው በተጨማሪ እነዚህን ጠይቁ፦ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ስልክ ስንት ተቀነሰ? መልሱ ሳይደርስ መስመሩን ብቆርጠውስ? «ኃይለሚካኤል» ብዬ ብልክ ምን ተመለሰ? አንዱን ሰርቪስ ሆን ብዬ ባዘገየው ሌሎቹ ይሠራሉ? ትናንት 4 ሰዓት ላይ ይህንን ሂሳብ ያየው ማን እንደሆነ መዝገቡ ይነግረኛል? እነዚህን ያለፈ ሪጅን ተዘጋጅቷል ማለት ይቻላል።

ኪክስ ነክታችሁ የማታውቁ አንባቢዎች «ይሄ እኔን ምን አገባኝ» እንዳትሉ። የዛሬ ፍሬምወርኮች የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ስታሳዩአቸው በሁለት ትእዛዝ ኤፒአይ ያወጡላችኋል፤ ዓምዶቹ እንዳሉ ውል ይሆናሉ። ኤልኤስ-ቱ-ደብሊውኤስ የሚሠራው ሥራ ከዚህ በምን ይለያል? በምንም። ልዩነቱ የኮቦሉ ኮፒቡክ አርባ ዓመት የቆየ ሲሆን የእናንተ ሠንጠረዥ የተሠራው ባለፈው ሳምንት መሆኑ ነው። ዛሬ ማታ የምትከፍቱት ፕሮጀክት ካለ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ፦ አንዱን የክፍያ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ላኩና ስንት እንደተቀነሰ እዩ።